የሰፈር ካሜራ፦ የተቀዳው ሳይጠፋ

ብስክሌት ከበር ላይ ሲጠፋ ወይም የሱቅ ቁልፍ ሌሊት ተሰብሮ ሲያድር የሰፈሩ ሰው ቀና ብሎ ካሜራ ይፈልጋል። ባሕር ዳር ውስጥ ደግሞ ፈልጎ አያጣም፤ ካንዱ ሆቴል፣ ካንዱ ፋርማሲ፣ ካንዱ ባለ ፎቅ ግቢ አጥር ላይ አንድ ነጭ ካሜራ ብቅ ብሎ ይታያል። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ ነው። ባለቤቱ ጎንደር ሄዷል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው የገጠመው ባለሙያ ብቻ ነው። ተፈልጎ ሲከፈት ሰዓቱ በአምስት ሰዓት ቀድሞ ይገኛል፤ ሌባው ሲያልፍ የሚታየውም የኮፍያው አናት ነው። ነገሩ ተጎትቶ ተጎትቶ ፖሊስ ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ መቅጃው በዚያች ሌሊት ላይ ሌላ ቀድቶባታል።

ይህ ጣጣ ውድ ካሜራ የገዛውንም ያገኘዋል። ሰፈር ከካሜራ የሚጠቀመው ሦስት ነገር አስቀድሞ ሲያውቅ ነው፦ የትኛው ካሜራ ምን ያህል አጥርቶ ያሳያል፣ ስንት ቀን ይይዛል፣ በተፈለገ ጊዜ ማን ይከፍተዋል።

ያለውን መቁጠር

ለአዲስ ካሜራ መዋጮ ከመጀመሩ በፊት እድሩ ወይም የሰፈሩ ኮሚቴ አንድ ሰው ደብተር አስይዞ ሰፈሩን ያዙር። ለእያንዳንዱ ካሜራ የሚጻፈው ጥቂት ነው፤ የማን ግቢ እንደሆነ፣ ወዴት እንደሚያይ፣ የተቀዳው ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ የሚከፍተው ሰው ስልክ፣ እሱ ከሌለ የተተኪው ስልክ። ከየካሜራው ሁለት ፎቶም ይወሰድ፣ አንድ የቀን አንድ የሌሊት። የሚበልጠው የሌሊቱ ነው። ከሰፈሩ ሰው አንዱ ጋቢ ተከናንቦ ከካሜራው 3፣ 6 እና 12 ሜትር ላይ እየቆመ ይቀዳ። ጎረቤታቸውን ከምስሉ መለየት ካቃታቸው የማያውቁትንማ ከዚያ ርቀት ጨርሶ አይለዩትም። ሙከራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ሻጩ ስለ ዕቃው ካወራው ሁሉ የበለጠ ግን ይናገራል።

ዝርዝሩ በኮሚቴው እጅ ይቆይ፤ የሰፈሩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይለጠፍ። የትኛው ቅያስ ካሜራ እንደሌለው የሚያሳይ ወረቀት ሌባም ይጠቀምበታል። መመዝገብ ደግሞ ካሜራን ለሰፈር ማስረከብ ማለት እንዳልሆነ ለባለቤቱ ከመጀመሪያው ይነገረው። በስልኩ የሚያየውን የቀጥታ ምስል ለማንም ማጋራት አይጠበቅበትም። ቃል የሚገባው፣ ሲጠየቅ የተባለውን ሰዓት ፈልጎ እንደሚገለብጥ ብቻ ነው። ይህ በግልጽ ሲነገር እምቢ የሚል ባለቤት ይቀንሳል።

ፊት የሚለየው ስንት ሜትር ላይ ነው?

ሻጭ የሚያወራው ስለ ሜጋፒክስል ነው። ለሰፈር የሚጠቅመው ግን በአንድ ሜትር ስፋት ላይ የሚያርፈው የፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራበት የጥቃቅን ነጥቦች፣ ብዛት ነው። በዘርፉ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ መስፈርት የማይታወቅን ሰው ያለ ጥርጥር ለመለየት በሜትር 250 ፒክስል ይጠይቃል፤ የሚያውቁትን ሰው «እሱ ነው» ለማለት 125፣ ሰው መኖሩን ብቻ ለማወቅ 25። የተለመደው ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ ምስሉ ወደ ጎን 1920 ፒክስል ነው። ይህ ለ250 ሲካፈል 7.7 ሜትር ገደማ ይወጣል። ካሜራው ባንድ ጊዜ ከዚህ የሰፋ ቦታ የሚያይ ከሆነ ባዕድ ፊት አያስለይም።

ስፋቱን የሚወስነው ሌንሱ ነው። ባለ 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ 100 ዲግሪ ገደማ ስለሚከፍት 7.7 ሜትሩን ገና በ3 ሜትር ርቀት ላይ ይሞላዋል። ባለ 6 ሚሊሜትሩ ወደ 50 ዲግሪ ስለሚጠብ ያንኑ ስፋት እስከ 8 ሜትር ያርቀዋል። ብዙ ሰው ግን 2.8ቱን ፎቅ ላይ ሰቅሎ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሲያይ ደስ ይለዋል። የሚያዝነው 15 ሜትር ላይ ያለፈውን ሰው በዙም ሊያቀርብ ሲሞክር ነው። ከተቀዳ በኋላ ዙም ማድረግ ያለውን ነጥብ ያሰፋል እንጂ አዲስ ነጥብ አይወልድም።

ስለዚህ ሥራው ለሁለት ይከፈል። አንዱ ካሜራ ሰፋ አድርጎ ማን ከወዴት ወዴት እንደሄደ ይከታተል። ሌላው ጠበብ ያለ ሌንስ ይዞ፣ ሁሉም ሳያልፍበት በማይቀርበት ቦታ ላይ ፊት ይያዝ፦ የቅያሱ አፍ፣ የግቢው በር፣ ባጃጅ ለመታጠፍ የሚቀዘቅዝበት ኩርባ። ፊት የሚይዘው ከመሬት ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ላይ ይሰቀል። ከ4 ሜትር በላይ ሲወጣ የሚቀዳው ቆብ፣ ነጠላና ጃንጥላ ነው፤ የባሕር ዳር ፀሐይ ደግሞ ጃንጥላ አታስጥልም። ዝቅ ያለ ካሜራ ራሱ ይሰረቃል ከተባለ ሌላው ካሜራ የሚያየው ቦታ ላይ ማድረግ ነው።

የባጃጅ ታርጋ ለብቻው ጣጣ አለው። ታርጋ የመኪና መብራትንም ሆነ ካሜራው በጨለማ ለማየት የሚያበራውን የማይታይ ጨረር መልሶ ስለሚያንጸባርቅ፣ ፊትን በደንብ የሚያሳይ ካሜራ ሌሊት ታርጋውን ነጭ ወረቀት ያደርገዋል። ታርጋ እንዲነበብ የካሜራው የመዝጊያ ፍጥነት በእጅ 1/500 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ ይደረጋል፣ አቅጣጫውም ከተሽከርካሪው መንገድ ከ30 ዲግሪ በላይ አይጣመምም። እንዲህ የተስተካከለ ካሜራ ሌሊት ሌላውን ሁሉ ጨለማ ያደርጋል። አንድ ካሜራ ሁለቱንም እንዲሠራ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። አቅም ከሌለ ታርጋውን ትቶ የባጃጁን የጎን ቁጥር፣ የሸራውን ቀለምና የተለጠፈበትን ጥቅስ አጥርቶ መያዝ ይሻላል። ባጃጅን ከባጃጅ የሚለየው ብዙ ጊዜ ይኸው ጌጡ ነው።

ስለ አቅጣጫ ከተነሣ፣ ጣና ከከተማዋ በስተሰሜን ነው። ለሐይቁ ዳር ግቢዎች ይህ ዕድል ነው፤ ወደ ውሃው የዞረ ካሜራ ላይ ፀሐይ ስትወጣና ስትገባ ቀጥታ አታርፍም። ወደ ምሥራቅ የዞረው ጠዋት፣ ወደ ምዕራብ የዞረው ከ11 ሰዓት ወዲያ የሰውን ፊት ጥላ ብቻ ያደርገዋል። ትንሽ ጠምዘዝ ማድረግ ወይም ከካሜራው ማስተካከያ ውስጥ ብርሃንና ጥላን የሚያመጣጥነውን (ደብሊው ዲ አር የሚባለውን) ማብራት ይረዳል።

ውሃው ግን የራሱን ያመጣል። ሞገዱ «እንቅስቃሴ አለ» እያለ መቅጃውን ሲያስነሳ ያድራል፤ ስለዚህ በማስተካከያው ውስጥ ውሃው የሚታይበት ክፍል ከእንቅስቃሴ ክልሉ ይውጣ። የዘንባባ ቅጠልም እንደዚሁ ነው። ሲመሽ ትንኙ ይመጣል። ከሌንሱ አጠገብ የሚበረው ትንኝ በካሜራው ጨረር ተመትቶ ምስሉን እንደ በረዶ ይሞላዋል፣ ሸረሪትም ተከትላ ድሯን ታደራለች። መፍትሔው የካሜራውን ጨረር አጥፍቶ 2 ወይም 3 ሜትር ራቅ ብሎ መደበኛ የግቢ መብራት ማብራት ነው። ትንኙ ወደዚያ ይሄዳል፣ ምስሉም ባለ ቀለም ይሆናል። ረጅም እጀታ ያለው ለስላሳ መጥረጊያ በሳምንት አንድ ጊዜ ቀሪውን ይጨርሳል።

ስንት ቀን ይይዛል?

ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ ኤች 265 በሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ሲጨመቅ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ገደማ ይወስዳል እንበል። ይህ በሰዓት 0.9 ጊጋባይት፣ በቀን 21.6 ጊጋባይት ነው። አራት ካሜራ በቀን 86 ጊጋባይት ይበላል፣ ባለ 2 ቴራባይት ሀርድ ዲስክ በ23 ቀን ይሞላና ከመጀመሪያው እያጠፋ ይቀጥላል። በቀድሞው ኤች 264 ለተመሳሳይ ጥራት ወደ እጥፍ ስለሚወስድ ቀኑ ወደ 11 ወይም 12 ይወርዳል። 64 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ ብቻ ያላት የዋይፋይ ካሜራ ሳታቋርጥ ከቀዳች ሦስት ቀን አትሞላም፤ ሌባው ካሜራዋን ነቅሎ ከሄደ ደግሞ ካርዱም አብሮት ይሄዳል።

እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ መቅዳት ቀኑን ያረዝማል፤ ዋጋው ግን ሰውየው ከታየ በኋላ መጀመሩና አንዳንዴም ጨርሶ አለመነሳቱ ነው። ፊት የሚይዘው ካሜራ ሳያቋርጥ ይቅዳ፣ ሌሎቹ በእንቅስቃሴ ቢሆኑ አይከፋም። ለሰፈር 15 ቀን ዝቅተኛው ልክ ነው ብንል እንደፍራለን። ለበዓል አገር ቤት የሄደ ሰው ቤቱ መሰበሩን የሚያየው ሲመለስ ነውና።

ሀርድ ዲስኩ ለካሜራ ተብሎ የተሠራ ይሁን። ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ዲስክ ቀን ከሌት መጻፍን አይችልም፤ ሲሞትም ድምፅ አያሰማም። ስክሪኑ ላይ የቀጥታ ምስል መታየቱ ያዘናጋል፤ ዲስክ ቢሞትም የቀጥታው ምስል ይታያል። እየቀዳ መሆኑን የሚያረጋግጠው የትናንት ማታን ከፍቶ ማየት ብቻ ነው።

መብራትና ክረምት

አራት ካሜራ ሌሊት ጨረራቸው ሲበራ እያንዳንዱ 5 ዋት፣ መቅጃው ከዲስኩ ጋር 15፣ ራውተሩ 10፣ በድምሩ 45 ዋት ያህል ነው። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የምታቆየው ትንሿ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ብክነቱ ሲቀነስ አንድ ሰዓት ቢያቆይ ነው። ሌሊቱን ለማደር 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ያስፈልጋል። ከግማሽ በታች ሳይወርድ 600 ዋት ሰዓት ይሰጣል፣ ይህም ከ10 ሰዓት በላይ ነው። አብዛኛው ካሜራና መቅጃ በ12 ቮልት ስለሚሠራ ወደ 220 ቀይሮ መልሶ በአዳፕተር ከማውረድ፣ ቮልቴጁን የሚያረጋጋ ዕቃ በመሐል አስገብቶ ከባትሪው ቀጥታ መስጠት ብክነቱን ይቀንሳል። ራውተሩም ባትሪው ላይ ይሁን፤ ባይሆን መቅዳቱ አይቋረጥም፣ በስልክ ማየቱ ግን ይቋረጣል።

ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ የሚገባው በካሜራው አካል በኩል እምብዛም ነው፤ አይፒ 66 ወይም 67 (የውሃና የአቧራ መከላከያ ደረጃ) የተጻፈበት ዝናብ ይችላል። የሚበላሸው ከኋላው የሚንጠለጠለው መገጣጠሚያ ነው። መገጣጠሚያው በሳጥን ውስጥ ይግባ፣ ኬብሉም ሳጥኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ይውረድና ይመለስ፤ ውሃው ከጉብጠቱ ላይ ይንጠባጠባል። የኔትወርክ ኬብል 100 ሜትር ድረስ ይሠራል፤ ሽቦውን በቢላ ፋቅ ሲያደርጉት ብርማ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና 100 ሜትሩን አይጠብቁት፣ ሌሊት ጨረሩ ሲበራ ካሜራው እየጠፋ ይነሳል። ከግቢ ወደ ግቢ በአየር ላይ የተዘረጋ የመዳብ ሽቦ መብረቅ በቅርብ ሲወድቅ መቅጃውን ሊያቃጥለው ይችላል። የመብረቅ መከላከያ ከነመሬት ማስያዣው፣ አቅም ካለም በግቢዎች መካከል ፋይበር፣ ይህን ያድናል።

ሰዓቱ

ብዙ የሰፈር ማስረጃ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መቅጃው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓትና ቀን ነው፣ ምስክሩ የሚናገረው በእኛ። «ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ» መቅጃው ላይ 20፡15 ነው። ለቀኑ ሰዓት 6 ይደመራል፣ ከምሽቱ 1 እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት 18 ይደመራል፣ እኩለ ሌሊት 6 ሰዓት 00፡00 ነው፣ ከዚያ እስከ ንጋት 6 ይቀነሳል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቀኑም ይቀየራል። ሰውየው «ጥቅምት 12 ቀን 2018 ረቡዕ ሌሊት 7 ሰዓት ተኩል» ካለና ለሐሙስ አጥቢያ ማለቱ ከሆነ መፈለግ ያለበት ኦክቶበር 23 ቀን 2025፣ 01፡30 ላይ ነው። ኦክቶበር 22ን ከፍቶ «ምንም የለም» ያለ ሰው ዕቃውንም ምስሉንም ያጣል። ስለዚህ ጠያቂው ሲያስረዳ «ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ» ብሎ ይጻፍ።

ብዙ መቅጃ ከፋብሪካው በቻይና ሰዓት ተሞልቶ ይመጣል፤ ከእኛ አምስት ሰዓት ይቀድማል። የሰዓት ክልሉ ጂኤምቲ +3 ይደረግ፣ የበጋ ሰዓት ማስተካከያ የሚለው ይጥፋ። ውስጡ ያለችው የሳንቲም ባትሪ ስታልቅ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ባትሪዋ በቀላሉ ትቀየራለች።

የሚፈለግ ነገር ካለ ግን፣ ሰዓቱ ተሳስቶ ቢገኝም ከመገልበጡ በፊት አይነካ። ወደ ኋላ ሲመለስ አንዳንድ መቅጃ ባንድ ሰዓት ሁለት ቅጂ አግኝቶ ይደናገራል፣ አንዳንዱም ያጠፋል። የመቅጃው ሰዓትና የስልክ ሰዓት ጎን ለጎን ባንድ ፎቶ ይነሱ፣ ልዩነቱ ይጻፍ፣ ተገልብጦ ሲያልቅ ሰዓቱ ይስተካከል።

ነገር ሲደርስ

መጀመሪያ ጊዜ አለማባከን ነው። ፖሊስ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ባለቤቱ የራሱን ቅጂ ወዲያው ገልብጦ ማስቀመጥ ይችላል። የሚገለበጠው ድርጊቱ ብቻ አይሁን፤ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ እስከ ግማሽ ሰዓት በኋላ። ሌባ ቀድሞ አይቶ ይሄዳል፣ ቀድሞ ሲያይ ፊቱን የሚሸፍንበት ምክንያት የለውም። በመዝገቡ ላይ ያሉት የጎረቤት ካሜራዎች የሚጠቅሙትም እዚህ ነው። የመጀመሪያው ካሜራ ባጃጁን በ20፡15 ካሳየ ቀጣዩን ቅያስ ከ20፡14 እስከ 20፡20 ብቻ ማየት ይበቃል፣ የሁለቱ ሰዓት ልዩነት ከታወቀ።

የሚገለበጠው ከመቅጃው በቀጥታ ወደ ፍላሽ ነው፣ በራሱ ዓይነት ፋይል፣ ማጫወቻው አብሮ። 32 ጊጋባይት ፍላሽ ያንድ ካሜራን 35 ሰዓት ያህል ይይዛል። ስክሪኑን በስልክ መቅረጽ ለማሳየት ያህል ይሆናል እንጂ ብቸኛው ማስረጃ መሆን የለበትም፤ ሰዓቱና ጥራቱ ይጎዳል። በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ መላክ ይጨምቀዋል፤ የግድ ከሆነ «ፋይል» ተብሎ ይላክ። አይቆረጥ፣ ጽሑፍም አይጨመርበት። ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ለፖሊስ፣ አንዱ ታሽጎ በኮሚቴው እጅ። ባንድ ወረቀት ላይ ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው መቅጃ እንደገለበጠ፣ የሰዓቱ ልዩነትና የፋይሎቹ ስም ተጽፎ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ፖሊስ መቅጃውን ራሱን መውሰድ ካስፈለገው በደብዳቤና በርክክብ ይሁን።

የሚከለከለው

ፊቱ በደንብ የታየ ሰው ሲገኝ የሰፈሩ እጅ ወደ ፌስቡክና ቴሌግራም ይዘረጋል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትና ማባዛት ይከለክላል። አንቀጽ 28 ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ለፖሊስ መስጠት ሌላ፣ «ሌባ ይህ ነው» ብሎ መለጠፍ ሌላ ነው። የተሳሳተ ሰው ተለጥፎ ዳኛ ፊት የሚቆመው ለጣፊው ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚሰበስብ አካል ዓላማው የታወቀ እንዲሆን፣ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበስብና እንዳያቆይ ይጠይቃል። በሰፈር ቋንቋ ይህ ማለት «ቦታው በካሜራ ይጠበቃል» የሚል ጽሑፍ መለጠፍ፣ ድምፅ መቅጃውን ማጥፋት፣ የጎረቤት ጓሮና መስኮት የሚታይበትን ክፍል በማስተካከያው ጥቁር መሸፈኛ መጋረድ ነው። መሸፈኛው በጎረቤቱ ፊት ይደረግ፤ ከዚያ በኋላ አይጠረጥርም።

ቁልፉ

ከፋብሪካው የመጣው የይለፍ ቃል በተገጠመ ቀን ይቀየር፣ የገጠመው ባለሙያም አዲሱን አይወቅ። ዋናው የይለፍ ቃል ታሽጎ በእድሩ ሣጥን ይቀመጥ፣ ለዕለት ሥራ ማየትና መገልበጥ ብቻ የሚችል ሁለተኛ መግቢያ ይከፈት። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት ይሁን፣ ተረኛው የዓርብ ምሽት 2 ሰዓትን ከየካሜራው ከፍቶ አንድ ደቂቃ ይይ፣ ሰዓቱን ከስልኩ ጋር ያስተያይ፣ ደብተሩ ላይ ይፈርም። ኮሚቴው ሲቀየር የይለፍ ቃሉ በዚያው ስብሰባ ላይ ይቀየራል። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ አንዳንድ አፕ ላይ ቀድሞ የተጋራ ስልክ የይለፍ ቃል ቢለወጥም ማየቱን ይቀጥላል። የወጣው አባል ስልክ ከአፑ የተጋሪዎች ዝርዝር ውስጥ ወጥቶ፣ መውጣቱ በቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር።